ፓምፑ ቆሞ ሳለ ክፍሉ ስለ ምን ይሞቃል?

ብርድ በሚጠናባቸው በአሜሪካና በአውሮፓ አገሮች ብዙ ቤቶች የሚሞቁት በቦይለር የጋለ ውሃ በቧንቧ እየዞረ ወደ ራዲያተሮች ሲደርስ ነው። ሰው የሌለበት ስፍራ በከንቱ ሞቆ ነዳጅ እንዳይባክን፣ ቤቱ በየወገኑ ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ወገን የራሱ ፓምፕና የሙቀት መቆጣጠሪያ ይደረግለታል። ዳሩ ግን ፓምፑ ቆሞ ሳለ የመኝታ ክፍሉ ሌሊቱን ሁሉ ሲግል የሚያድርበት ጊዜ አለ። ባለቤቱም መቆጣጠሪያው የተበላሸ መስሎት ደህናውን ዕቃ አስወልቆ ሌላ ይገዛል፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ ሙቀቱ ግን እንደ ነበረ ይቀራል።

የነገሩ ምክንያት የውሃው ጠባይ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 998 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ በ80 ዲግሪ ግን 972 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ ቦይለሩ ለሌላው ወገን ሲሠራ የጋለው ቀላል ውሃ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ በራዲያተሩ የቀዘቀዘው ከባድ ውሃም በመመለሻው ቧንቧ ይወርዳል። ፓምፕ ከመለመዱ አስቀድሞ የነበሩት ማሞቂያዎች ይሠሩ የነበረው በዚሁ ኃይል ነው። የቆመ ፓምፕም ውሃን ስለሚያሳልፍ፣ ፓምፑን ማቆም መንገዱን መዝጋት አይደለም።

መከላከያው በየወገኑ መስመር ላይ ክዳኑ በክብደት ወይም በሞላ የሚዘጋ ቼክ ቫልቭ ማግባት ነው። ፓምፑ ሲነሣ ግፊቱ ክዳኑን ይከፍተዋል፤ ከክብደት ልዩነት የሚመጣው ደካማ ግፊት ግን ሊከፍተው አይችልም። ክብደትም ሞላም የሌለው ተራ ቼክ ቫልቭ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ውሃ ቢከለክልም ወደ ፊት የሚሄደውን አያግድምና፣ ገዢው ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ሙቀት በመመለሻው ቧንቧም ሽቅብ ሊወጣ ስለሚችል፣ እንደ አሠራሩ በዚያም በኩል ሁለተኛ ቫልቭ ያስፈልጋል። ቫልቩ ከተገባ በኋላ ክፍሉ እንደገና ቢሞቅ፣ ከክዳኑ ሥር ቆሻሻ ገብቶ እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር ይበጃል።

ይኸው ጠባይ በአገራችን በጣሪያ ላይ በሚተከለው ፓምፕ አልባ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ጥቅም ይሰጣል። የውሃው ጋን ከፀሐይ መቀበያው በላይ የሚቀመጠው፣ ቀን የሞቀው ውሃ በራሱ ወደ ጋኑ እንዲወጣ፣ ሌሊትም ወደ ቀዘቀዘው መቀበያ ተመልሶ ሙቀቱን እንዳያጣ ነው። ጋኑን ዝቅ አድርጎ የሚተክል ሠራተኛ ቀን የተገኘውን ሙቀት ሌሊት ያስወስዳል።

እንግዲህ የሙቅ ውሃ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴም ሆነ የሚተክል ተቋራጭ የዋጋ ማቅረቢያውን ሲጽፍ፣ ከቦይለሩና ከፓምፑ ጋር የቫልቩን ዓይነት ለይቶ ቢያመለክት ደንበኛውን ከከንቱ ወጪ፣ ራሱንም ከወቀሳ ያድናል።