ትንባሆን ለመተው የቅርብ ምክንያት ስለማስፈለጉ

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትንባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ነገር ግን አስቀድሞ የለመደውን ወጣት «በስተርጅና ትታመማለህ» ማለት ብቻ አያስተወውም፤ እርጅና ለእርሱ ሩቅ ነውና። ስለዚህ የሞርሲቶ መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ የቅርቡን ጥቅም አሳዩት። በቀን 5 ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በዓመት 1825 ያጨሳል፤ ዋጋውን ራሱ በወረቀት ላይ ያስላው። ሲጋራውን ባቆመ በ20 ደቂቃ የልቡ ትርታ መርጋት ይጀምራል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ኳስ ሲጫወት ትንፋሽ እንደ ቀድሞው አያጥረውም። አምሮቱ ሲነሣበት ጥቂት ደቂቃ ታግሦ ውሃ ይጠጣ፤ ያልፋልና። እጅግ የሚከብደው የመጀመሪያው ሳምንት ስለሆነ በዚያን ጊዜ አትለዩት። ቢሸነፍም አትስደቡት፤ ደግሞ ይሞክር። 40 ዓመት ሳይሞላው የተወ ሰው፣ ትንባሆ ከሚያመጣው ያለዕድሜ ሞት አደጋ 90 በመቶ ያህሉን ያመልጣል።