ለስኳር በሽታና ለቁርጥማት የሚበጅ ማዕድ

እናቶች! ጧት ከመኝታችሁ ስትነሡ ጣቶቻችሁ አልታዘዝ ብለው ማንቆርቆሪያ ማንሣት፣ ሊጥ ማቡካት ወይም የልጅ ልብስ መቆለፍ ተስኗችሁ ያውቃልን? ደረጃ ስትወጡስ ጉልበታችሁ ይንቋቋልን? ከዚህም ጋር ሐኪም መርምሮ «የስኳር በሽታ አለብሽ» ብሏችሁ ከሆነ የዛሬው ጽሑፍ በተለይ ለእናንተ ቀርቧል። ሕመሙ ባይኖርባችሁም እናታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም በመሥሪያ ቤት አጠገባችሁ የምትቀመጠው ባልደረባችሁ ሊኖርባት ይችላልና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የስኳር በሽታና የመገጣጠሚያ ሕመም በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለቱም ዕድሜ ሲገፋና ክብደት ሲጨምር ይበዛሉ፤ አንዱም ሌላውን ያባብሳል። ጉልበቷን የሚያማት ሴት እንደ ልቧ አትራመድም፤ ካልተራመደች ክብደቷ ይጨምራል፣ በደሟ ውስጥ ያለው ስኳርም ከፍ ይላል፤ ክብደቷ በጨመረ መጠን ደግሞ ጉልበቷ የሚሸከመው ይበዛል። ይህን መላልሶ የሚዞር ችግር ለማቋረጥ ከመድኃኒት ቀጥሎ በእጃችን ያለው መሣሪያ የዕለት ምግባችን ነው።

በመጀመሪያ በሽታዎቹን እንለይ

በተለምዶ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ሕመም ብዙ ዓይነት ነው። አንደኛው፣ በሁለት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ሆኖ የሚያገለግለው ለስላሳ ክፍል እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣው ነው፤ ይህ በተለይ ጉልበትንና ዳሌን ያጠቃል። ሁለተኛው ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው ሲሆን፣ የሰውነት የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚከሠት ነው። ይህኛው ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ ጧት ጧት እጅን የሚያስተሳስረውና የጣት መገጣጠሚያዎችን የሚያሳብጠውም ነው። ሦስተኛው ትክክለኛው ሪህ ሲሆን፣ ዩሪክ አሲድ የተባለው ነገር በደም ውስጥ ከመጠን በላይ ሆኖ በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠራቀም ይነሣል። ብዙ ቀይ ሥጋ፣ ቢራና ስኳር የበዛባቸው ለስላሳ መጠጦች ያባብሱታል።

የስኳር በሽታም እንዲሁ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ዓይነት ሰውነት ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆማል። በሁለተኛውና በብዛት በሚታየው ዓይነት ግን ኢንሱሊኑ አይበቃም፣ ወይም ሰውነት በደንብ አይጠቀምበትም። የምግብ ጥንቃቄ ለሁለቱም ያስፈልጋል፤ ውጤቱ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ግን በሁለተኛው ዓይነት ላይ ነው።

የቀርጤስ ገበሬዎች ማዕድ

በዓለም ላይ ስለ ምግብና ስለ ጤና ከተደረጉት ጥናቶች መካከል ከፍተኛ ስም ያተረፈው አንሰል ኪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1958 የጀመረው ጥናት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥናቱ በአሜሪካ፣ በፊንላንድ፣ በሆላንድ፣ በኢጣሊያ፣ በያን ጊዜዋ ዩጎዝላቪያ፣ በግሪክና በጃፓን የሚኖሩ ከ12,000 በላይ ወንዶችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ነበር። በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው ቁጥር በፊንላንድ ከፍተኛ ሆኖ ሲገኝ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በምትገኘው በግሪኳ ደሴት በቀርጤስ ግን እጅግ ዝቅተኛ ሆነ።

እነዚህ የቀርጤስ ገበሬዎች ምን ይበሉ ነበር? ያልተፈተገ እህል ዳቦ፣ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ፣ ከጓሮና ከየኮረብታው የተለቀመ ጎመን መሰል ቅጠላ ቅጠል፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ፍራፍሬ፣ ለውዝና የመሳሰሉትን፣ አልፎ አልፎም ዓሣና ትንሽ አይብ ይበሉ ነበር። ወጣቸውን የሚሠሩት በቅቤ ሳይሆን በወይራ ዘይት ነው። ሥጋ የሚቀምሱት አንዳንድ ጊዜ ብቻ ነበር። በእግራቸው ብዙ ይጓዙ፣ በእጃቸውም ብዙ ይሠሩ እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በ1948 በዚያችው ደሴት በተደረገ ሌላ ጥናት ሰዎቹ የሚወዱት ምግብ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ አብዛኞቹ የመለሱት «ሥጋ» ብለው ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀውን ማዕድ እነሱ እንደ ድህነት ምግብ ይቆጥሩት ነበር ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የሜዲትራኒያን አመጋገብን በ2010 በኢጣሊያ፣ በግሪክ፣ በስፔይንና በሞሮኮ ስም በሰው ልጅ የባህል ቅርስነት መዝግቦታል።

ጥናቶች ምን ያስረዳሉ?

ስለ ስኳር በሽታ በመጀመሪያ እንመልከት። በ2009 ውጤቱ ይፋ በሆነ አንድ የኢጣሊያ ጥናት፣ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው በቅርቡ የታወቀ 215 ሰዎች በሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን የሜዲትራኒያን አመጋገብን፣ ሌላው ወገን ደግሞ ቅባት የተቀነሰበትን ምግብ እንዲከተሉ ተደረገ። ከ4 ዓመት በኋላ የስኳር መድኃኒት መጀመር ግድ የሆነባቸው ከሁለተኛው ወገን ከ100 ሰዎች 70ዎቹ ሲሆኑ፣ ከሜዲትራኒያኑ ወገን ግን 44ቱ ብቻ ነበሩ።

በስፔይን ሬውስ በተባለችው ከተማ የተደረገውና በ2011 የወጣው ጥናት ደግሞ በሽታው ያልጀመራቸውን ሰዎች ይመለከታል። በ4 ዓመት ውስጥ ቅባት እንዲቀንሱ ከተመከሩት መካከል ከ100ው 18 ያህሉ የስኳር በሽታ ሲይዛቸው፣ የሜዲትራኒያን አመጋገብን ከወይራ ዘይት ወይም ከለውዝ መሰል ፍሬዎች ጋር ከተከተሉት ግን የያዛቸው 10 ወይም 11 ነበሩ።

ወደ መገጣጠሚያ ሕመም ስንመጣ፣ በ2003 ከስዊድን የተገኘ ዘገባ ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸው 51 ሰዎች የተሳተፉበት ነበር። ለ12 ሳምንታት የቀርጤስን ማዕድ የተመገቡት ሰዎች የበሽታው ኃይል ቀነስ ብሎላቸዋል።

ለእኛ ለሴቶች ይበልጥ የሚቀርበው ግን በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ የተካሄደው ነው። ውጤቱ በ2007 የወጣው ይህ ሥራ በችግረኛ ሰፈሮች የሚኖሩና ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸውን 130 ሴቶች ያካተተ ነበር። ከነዚህ መካከል ከፊሎቹ በሰፈራቸው በሳምንት አንድ ቀን ለ2 ሰዓት፣ ለ6 ሳምንታት እየተገናኙ የወጥ አሠራር ትምህርት ወሰዱ፤ ሌሎቹ ግን የጽሑፍ ምክር ብቻ ተሰጣቸው። ከ6 ወር በኋላ ሲታይ ምግብ ማብሰል የተማሩት ሴቶች የሕመም ስሜታቸውና የጧት መተሳሰራቸው ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የምንረዳው፣ ለታመመች ሴት «ይህን ብዪ፣ ያንን ተዪ» ከማለት ይልቅ አብሮ ድስት መጣድ የበለጠ እንደሚጠቅም ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን አናጋንነው። ምግብ የመገጣጠሚያን ሕመም ያቃልላል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። የሜዲትራኒያን ማዕድ የሐኪምን መድኃኒት አይተካም።

ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ቅጠላ ቅጠል በውስጣቸው ብዙ አሰር አላቸው። አሰር ያለበት ምግብ በዝግታ ስለሚፈጭ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ በቀስ ነው። ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን በፍጥነት ወደ ደም ይገባሉ። ከዚህም በላይ አሰር ቶሎ ስለሚያጠግብ ክብደትን ለመቀነስ ይረዳል። ክብደት በበዛባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው፣ አንዲት ሴት 1 ኪሎ ስትቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቷ ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ያህል ይቀንሳል።

የወይራ ዘይትና የባሕር ዓሣም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። እንደ ሰርዲን ያሉ ስባታም ዓሦች የሰውነትን ብግነት የሚያበርድ የቅባት ዓይነት አላቸው። ባልተጣራ ጥሩ የወይራ ዘይት ውስጥም እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ጠባይ ያለው ንጥረ ነገር መኖሩ በ2005 ተገልጿል፤ መጠኑ ግን አነስተኛ ስለሆነ እንደ መድኃኒት አይቆጠርም።

ከእኛ ጓዳ ምን እናገኛለን?

የቀርጤስን ሰዎች ማዕድ ከእኛ ጋር ያመሳሰለው አንዱ ነገር ጾም ነው። የግሪክ ኦርቶዶክስ ምእመናንም እንደ እኛ አገር ጿሚዎች ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም ስለሚጾሙ የዓመቱን ብዙ ቀን ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ያሳልፋሉ። እንግዲያው ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ የባቄላ ፉል፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ የቲማቲም ሰላጣና ተልባ ለዚህ አመጋገብ ባዕድ አይደሉም። እንግዳ ሲመጣ የምናፍርበት ሽሮ ለስኳር ሕመምተኛ ከጮማ የተሻለ ነው።

የወይራ ዘይት በገበያ ውድ መሆኑ የታወቀ ነው። ወይራ ራሱ በአገራችን የሚበቅል ቢሆንም ለዕቃ ማጠኛ እንጂ ለዘይት የምንጠቀምበት ዓይነት አይደለም። አቅም ካልፈቀደ የኑግ፣ የሰሊጥ ወይም የሱፍ ዘይት በልኩ መጠቀም ይቻላል። በብርድ ጊዜ እንደ ቅቤ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ጎጂው ቅባት ስለሚበዛበት ቢቀነስ ይመረጣል።

ከዛሬ ጀምሮ ልታደርጉት የምትችሉት ይህ ነው፤

1ኛ. ከእንጀራው ቀንሳችሁ ከጎመኑ፣ ከሰላጣውና ከምስሩ ጨምሩ። የጤፍ እንጀራ መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን ሲበዛ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል።

2ኛ. ከሻይና ከቡና ስኳር ቀስ በቀስ ቀንሱ። 3 ማንኪያ የለመደ ሰው በአንድ ቀን ወደ ባዶ መውረድ ባይችል በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንስ። ለስላሳ መጠጥን በውኃ ተኩ።

3ኛ. ቀይ ሥጋንና ቅቤን ለበዓል አድርጉት። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ዓሣ ብሉ፤ የታሸገ ሰርዲንም ያገለግላል።

4ኛ. ጨው ቀንሱ፤ በምትኩ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ጦስኝና በሶብላ ያጣፍጡላችኋል።

ለሙከራ የሚሆን የምስር ሾርባ

ይህ በግሪክ ቤቶች የተለመደ ምግብ ነው። ለ6 ሰው የሚያስፈልገው ½ ኪሎ ድፍን ምስር፣ 2 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ 2 ካሮት፣ 3 የበሰለ ቲማቲም፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤና ጥቂት ጨው ነው።

ምስሩን ለቅማችሁ እጠቡ። 5 ደቂቃ ቀቅላችሁ ውኃውን ድፉት። 2 ሊትር ያህል አዲስ ውኃ ጨምራችሁ የተከተፈውን ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ካሮት ከቲማቲሙ ጋር አድርጉበትና ምስሩ እስኪበስል በዝግታ ይንተክተክ። ከወረደ በኋላ ዘይቱን፣ ኮምጣጤውንና ጨውን ጨምሩ። ጣቶቻቸው ለሚያሟቸው እናቶች መክተፉን ልጆች ወይም አባወራው ቢያግዙ ነውር የለውም።

መዘንጋት የሌለባቸው ጥንቃቄዎች

ብዙ እናቶች ባልና ልጆችን አብልተው በመጨረሻ የተረፈውን ይቀማምሳሉ። ኢንሱሊን የምትወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ እንክብል የምትወስድ እናት ግን መድኃኒቷን ወስዳ ሌላውን ስታስተናግድ ከዘገየች ስኳሯ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ማላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ራሷን ካልሳተች ወዲያውኑ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ቀጥሎም ምግብ መስጠት ይገባል። ራሷን ከሳተች ግን ምንም ነገር በአፏ ሳይጨመር በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለባት። በዚሁ ምክንያት የምግብ መጠን ከመቀነስ ወይም ከመጾም በፊት ስለ መድኃኒቱ ልክ ሐኪምን ማማከር ግዴታ ነው።

ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የሚያዝላችሁ ሐኪም የስኳር በሽታ እንዳለባችሁ ማወቅ አለበት፤ መድኃኒቱንም በራስ ፈቃድ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት መደብር እየገዙ ዘወትር መዋጥ፣ በስኳር በሽታ ሊጎዳ የሚችለውን ኩላሊት ይበልጥ ይጎዳል። በሜዲትራኒያን አገሮች ከምግብ ጋር ወይን ጠጅ የሚጠጡ አሉ ተብሎም መጠጥ አይጀመርም፤ ከስኳርና ከመገጣጠሚያ መድኃኒቶች ጋር አብሮ ጉዳት ያስከትላልና።

በመጨረሻም ለቤተሰቡ ሁሉ የምናሳስበው አለን። ለታመመችው እናት ለብቻዋ ትንሽ ድስት ጥዶ ሌላው ጮማ ሲቆርጥ እንድትመለከት ማድረግ ደግ ሥራ አይደለም። ለእሷ የሚበጀው ምግብ ለባሏም ለልጆቿም ይበጃል፤ ነገ በሽታው ደጃቸውን እንዳያንኳኳ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ድስቱ አንድ ይሁን፣ ሁሉም ከአንድ ገበታ ይብላ፤ እናትም መጨረሻ ሳይሆን ከሁሉ ጋር በሰዓቱ ትቅረብ።