ነጭ የደም ሕዋሳትን በማነጻጸር የቫይረስ በሽታን ክብደት ስለ መገመት

በቫይረስ የታመመ ሰው ሲቀርብለት ሐኪሙን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ በሽተኛ ወደ ቤቱ ቢመለስ ይድናልን? ወይስ ከጥቂት ቀን በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል?» የሚለው ነው። ኦክሲጅን ያለው አልጋ ጥቂት በሆነበት ሆስፒታል በዚህ ነገር መሳሳት ሕይወትን ያስከፍላል። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ለመልሱ ስለሚረዳ አንድ ቀላል ስሌት ነው።

በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ከ4,000 እስከ 11,000 የሚደርሱ ነጭ ሕዋሳት ይገኛሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ኒውትሮፊሎች ናቸው፤ በቁጥር የሚከተሏቸው ሊምፎሳይቶች ይባላሉ። የኒውትሮፊሉን ቁጥር ለሊምፎሳይቱ ብናካፍል በጤነኛ ሰው ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 እናገኛለን። በሽታው ሲጸና ግን ሰውነት ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን በብዛት ያመነጫል፤ በደም ሥር ግድግዳ ተጣብቀው የነበሩት ኒውትሮፊሎች ወደ ደሙ ይገባሉ፤ ከመቅኔም አዳዲሶች ይወጣሉ። ሊምፎሳይቶች ደግሞ ከደም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። ስለዚህ ተካፋዩ ሲበዛ አካፋዩ ያንሳል። በ2012 ዓ.ም. ቤይጂንግ ውስጥ በ61 የኮቪድ-19 በሽተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው 50 የሞላና ንጽጽራቸው 3.13 የደረሰ ሰዎች በሽታው ሊጠናባቸው እንደሚችል አመለከተ።

ሆኖም ይህን 3.13 እንደ ሕግ ቃል ተቀብለን ብናመጣው እንሳሳታለን። ከእኛ አገር ሰዎችና ከሌሎችም አፍሪቃውያን መካከል ብዙዎች ምንም ሳይታመሙ የኒውትሮፊላቸው ቁጥር ከአውሮፓውያን ያነሰ ነው፤ ይህም በአብዛኛው ዳፊ የተባለው ምልክት በቀይ ሕዋሳቸው ላይ ከመታጣቱ ጋር የተያያዘ ነው። ከ1 ተነሥቶ 3 የደረሰ ሰው ከ2 ተነሥቶ 3 ከደረሰው ይልቅ ርቆ ተጉዟል፤ በወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው።

ቫይረሱም ሁሉ አንድ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተነሣው ዴንጊ ኒውትሮፊልን የሚያሳንስ በሽታ ነውና በእርሱ የንጽጽሩ ዝቅ ማለት ደኅንነትን አያበስርም። ዴክሳሜታዞን የወሰደ በሽተኛም ከመድኃኒቱ ብቻ የተነሣ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ደሙ የተቀዳው ከመርፌው በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አቆጣጠሩም ራሱ ያታልላል። በላቦራቶሪ ትምህርታችን ሁለት ሆነን በአንድ መስተዋት ላይ ከተቀባው ደም 100፣ 100 ሕዋሳት ቆጠርን። አንዳችን 75 ኒውትሮፊልና 20 ሊምፎሳይት፣ ሌላችን 80ና 15 አገኘን፤ ንጽጽሩ በአንዱ እጅ 3.75፣ በሌላው 5.33 ሆነ። ተጣልተን እንደገና ብንቆጥርም ማንኛችንም አልተሳሳትንም ነበር፤ ጥቂት ሕዋስ ሲቆጠር ዕጣ የሚያመጣው ልዩነት ነው። ለዚህ ነው 200 መቁጠር፣ የመጀመሪያውንም ቀን ውጤት በበሽተኛው ካርድ ላይ ጽፎ በሦስተኛው ቀን ከሚገኘው ጋር ማስተያየት ይሻላል የምንለው።