ውሻ ሲነክስ ከክትባቱ ጋር የሚታዘዘው «ሁለተኛው መርፌ» ምንድን ነው?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የመጣ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ልጄን ውሻ ነክሶት ክትባት ጀምሯል። ቁስሉ ላይ የሚወጋ ሌላ መርፌም ያስፈልገዋል፣ ግን እዚህ የለም ተባልኩ። እሱ ደግሞ ምንድን ነው? ካላገኘሁስ?»

ጥያቄው እኔንም ይነካኛል። እዚህ ሊሙ ገነት ቡና ለቀማ ሲደርስ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ማሳ ይውላሉ፤ ውሻም በየማሳውና በየማድረቂያው አይጠፋም። ባለፈው የለቀማ ወቅት አንድ አባት የ6 ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። ጉንጩን ተነክሷል፣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። «ቁስሏ ትንሽ ናት፣ ትድናለች ብዬ ነው» አለኝ። ክትባቱን ወዲያው ጀመርን። ሁለተኛው መርፌ ግን የተገኘው በማግስቱ፣ ከብዙ ስልክ በኋላ፣ ሌላ ከተማ ነው። ልጁ ዛሬ ደህና ነው። ያቺን ሌሊት ግን እኔም አባቱም አንረሳትም።

ለምን ሁለት መርፌ?

የእብድ ውሻ በሽታ፣ በአካባቢያችን አፋን ኦሮሞ «ሰሬ መራቱ» የሚባለው፣ በቫይረስ የሚመጣ ነው። ቫይረሱ ከውሻው ምራቅ ወደ ቁስሉ ይገባና በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። ልዩነቱ ይሄው ነው፦ ጊዜ።

ክትባት ማለት ዘበኛ ማሰልጠን ነው። ሰውነታችን ራሱ አንቲቦዲ እንዲሠራ ያስተምረዋል፤ ትምህርቱ ግን ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። ሁለተኛው መርፌ ደግሞ የሰለጠነ ዘበኛ ከውጭ ማምጣት ነው። የተዘጋጀው አንቲቦዲ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው ይወጋል፤ ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ሳይገባ እዚያው ይይዘዋል። ፊት፣ ራስ፣ አንገትና እጅ ላይ የሚደርስ ንክሻ የሚያስፈራን ነርቭ ስለሚበዛባቸውና ከፊትና ከአንገት ወደ አንጎል ያለው መንገድ አጭር ስለሆነ ነው።

ሞኖክሎናል አንቲቦዲስ?

ለረጅም ዓመታት ይህ መርፌ የሚዘጋጀው ከተከተበ ፈረስ ወይም ከተከተበ ሰው ደም ነው። የሰው ደም ውድ ነው፣ አቅርቦቱም ትንሽ ነው። የፈረሱ ይረክሳል፣ አልፎ አልፎ ግን አለርጂ ያስነሳል።

ሞኖክሎናል አንቲቦዲ የሚሠራው በላቦራቶሪ ነው። በቡና ቋንቋ ላስረዳ፦ ከደም የሚገኘው ከብዙ ማሳ እንደተሰበሰበ ቅልቅል ቡና ነው፤ ሞኖክሎናል ግን ከአንድ ከተመረጠ ዛፍ ብቻ እንደተለቀመ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም አንድ ዒላማ ያለው። ፈረስም የሰው ደምም ስለማይፈልግ በብዛት ማምረት ይቻላል።

የመጀመሪያው ለእብድ ውሻ በሽታ የተሠራ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቃድ አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 በአማራጭነት መከረ፣ በ2021 ደግሞ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ዒላማው አንድ ብቻ ከሆነ ትንሽ የተለወጠ ቫይረስ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት አንቲቦዲ አንድ ላይ የያዘው ይመረጣል።

ለሁሉም ሆስፒታል እንዴት ይድረስ?

በአገራችን በየዓመቱ 2,700 ገደማ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። በዓለም ደረጃ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት መካከል 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ናቸው። ወላጆቻችን አዲስ አበባ «ፓስተር» ሄደው ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆዳቸው ላይ ይወጉ የነበረውን፣ ከበግ አንጎል የሚሠራውን የድሮ ክትባት ያስታውሳሉ። ዛሬ በክንድ በጥቂት ቀጠሮ የሚያልቅ ክትባት አለ። አንቲቦዲው ግን ገና በየቦታው የሚገኝ አይደለም።

እንደ እኔ አስተያየት ሁሉም ሆስፒታል ብዙ ክምችት እንዲኖረው መጠበቅ የለብንም። እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያለ ትልቅ ተቋም ዋናውን ክምችት ቢይዝ፣ ሊሙ ገነትና አጋሮን የመሳሰሉ ከተሞች ደግሞ ለሁለት ለሦስት ታካሚ የሚሆን ፍሪጅ ውስጥ ቢኖራቸው፣ ሲያልቅ በስልክ ቢተካ ብዙ ሕይወት ይተርፋል። መድኃኒቱ የሚፈልገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ነው፤ ክትባት የምናስቀምጥበት ፍሪጅ ይበቃል። በዛ ላይ የአሁኑ ምክር መርፌው ቁስሉ ላይ ብቻ ይወጋ ነው የሚለው። ቁስሉ ትንሽ ከሆነ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፤ የተረፈው ንጽሕናው ተጠብቆ ለሌላ ታካሚ ሊከፋፈል ይችላል። ያለንን በቁጠባ ከተጠቀምንበት ለብዙ ሰው ይደርሳል።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

1. ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። በሰዓት ያዙ፣ 15 ደቂቃ ከምታስቡት ይረዝማል። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅጠል አታድርጉበት።

2. በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ዘግይታችሁም ከሆነ ሂዱ፤ «አሁንማ አለፈ» አይባልም።

3. ቆዳው ካልደማና ትንሽ ጭረት ብቻ ከሆነ እጥበትና ክትባት ይበቃል። ቆዳው ከተበሳ ወይም ከደማ፣ ወይም ምራቁ ዓይን፣ አፍ ወይም የቆየ ቁስል ከነካ አንቲቦዲውም ያስፈልጋል። ራሳችሁ ጠይቁ።

4. አንቲቦዲው ከሌለ ክትባቱን አታዘግዩ። ክትባቱ ከተጀመረ እስከ 7ኛው ቀን ድረስ አንቲቦዲውን መውሰድ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ሰውነት የራሱን መሥራት ስለሚጀምር አይሰጥም። ሪፈር ከተጻፈላችሁ መኪና ከመሳፈራችሁ በፊት መድኃኒቱ መኖሩ በስልክ ይረጋገጥላችሁ።

5. ከዚህ በፊት ክትባቱን በትክክል የጨረሰ ሰው አንቲቦዲ አያስፈልገውም፤ ማጠናከሪያ ክትባት ግን ይወስዳል።

6. ውሻው ከተገኘ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። እስከዚያ ግን ክትባቱን አትጠብቁ። እርግዝናም ክትባቱንም ሆነ አንቲቦዲውን አይከለክልም።

7. ቀጠሮ አትዝለሉ። ቁስሉ ዳነ ማለት ቫይረሱ ጠፋ ማለት አይደለም።

ያ አባት ሲሸኘኝ «ዶክተር፣ ሳሙና ቤቴ ነበረኮ» አለኝ። ብዙ ቤት አለ። ለዚህ ነው ይሄን የጻፍኩት፤ ልጅ ላለውና ውሻ ላለው ሰው ሁሉ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።