የአንድ ነጋዴ ቤተሰብ በደቡብ አፍሪካ፤ ከጥምቀት ማግሥት እስከ አስተርእዮ ማርያም

የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የሆነ ሰው በጥር ወር ሱቁን ጥሎ መሄድ እንደማይገባው መርካቶ ውስጥ የማያውቅ የለም። ጥር የሠርግ ወር ነውና ብርድ ልብሱም፣ መጋረጃውም፣ የሙሽራ ልብሱም ገበያው የሚደራው በእነዚያ አራት ሳምንታት ነው። ሆኖም በ2005 ዓ.ም. አንድ የመርካቶ ነጋዴ ሱቃቸውን ለባለቤታቸው ወንድም አስረክበው፣ ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ወደ ጆሐንስበርግ በረሩ። ለጉዞው ምክንያት የሆኑት ነገሮች ሁለት ነበሩ። አንደኛው በሰፈሩ ሁሉ የተወራ ሲሆን ሁለተኛውን ግን ከባለቤታቸው በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

የተወራው ምክንያት የኳስ ጨዋታ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ከተሸነፈ በኋላ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ከሜዳው ውጭ ባስቆጠራቸው ጎሎች ብልጫ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። ውድድሩ በሊቢያ ሊደረግ ታስቦ የነበረ ቢሆንም በዚያ አገር በተነሣው ጦርነት ምክንያት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛወረ። የቡድናችን የመጀመሪያ ግጥሚያ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር ጥር 13 ቀን እንዲሆን ተወሰነ። እኒህ ነጋዴ ቀኑን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ልብስ ሰፊ የነበሩት አባታቸው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ስታዲዮም ገብተው፣ ኢትዮጵያ የተባበረችውን የዐረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል አይተዋል፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ሲያወሩት ኖረዋል።

«ቀኑ በቀኑ መግጠሙ የእግዜር ሥራ ነው» አሉ ነጋዴው።

«የእግዜር ሥራ ቢሆንማ ሠርግ በሌለበት በሐምሌ ያደርገው ነበር» አሉ ባለቤታቸው። ይሁን እንጂ ሻንጣውን ያዘጋጁት እርሳቸው ናቸው፤ ሁለተኛውን ምክንያት ያውቁ ነበርና።

ሁለተኛው ምክንያት የወንድም ልጅ ነው። ሱቁን በአንድነት ያቋቋሙት ሁለት ወንድማማቾች ሲሆኑ ታላቅየው በ2002 ዓ.ም. ዐርፈዋል። የእርሳቸው ልጅ በ1996 ዓ.ም. ከሆሳዕና ተነሥቶ፣ እንደ ብዙዎቹ የዚያ አካባቢ ወጣቶች በኬንያና በታንዛኒያ አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ገብቷል። የያዘው የጥገኝነት ወረቀት ስለ ነበር፣ ከአገሩ ወጥቶ ለመመለስ የማያስችለው በመሆኑ ለአባቱ ቀብር እንኳ አልመጣም። ስለዚህ የአባቱ ድርሻ ሳይለይ ቆይቶ ነበር። ወጣቱ ተመልሶ ከሱቁ ይቆማል ወይስ ድርሻው ተገምቶ ይሰጠው? ይህ በስልክ የሚነገር ጉዳይ አይደለም። የግምቱ ወረቀት አራት ላይ ታጥፎ በባለቤታቸው የእጅ ቦርሳ ውስጥ ተጓዘ።

ከጉዞው በፊት ያለው ድካም ባጭሩ ይነገር። ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ቪዛ ያስፈልጋል፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይጠየቃል። በረራው ከአምስት ሰዓት በላይ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ራንድ በግምት 2 ብር ነበር። ልጆች ይዘው ለሚሄዱ ሁሉ የእናትና የአባት ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀት የሚያስገድደው ደንብ ገና አልወጣም ነበር፤ ይህ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ላይ ውሎ ብዙ ቤተሰቦችን ከአውሮፕላን ማረፊያ ስላስመለሰና የአገሪቱን የቱሪስት ገቢ ስለ ጎዳ በኋላ እንዲላላ ተደርጓል።

ጉብኝቱ የተጀመረው በጆሐንስበርግ መካከል፣ በዚያን ጊዜ ጄፒ ይባል በነበረውና ዛሬ ራሂማ ሙሳ በሚባለው ጎዳና ነው። የሐኪሞች መሥሪያ ቤት የነበሩት ፎቆች ከላይ እስከ ታች በኢትዮጵያውያን ሱቆች ተሞልተዋል፤ ደረጃው ላይ የሚሸተው የቡና ጭስ ነው፤ የሚሰማውም አማርኛና ሐዲይኛ ነው። ነጋዴው አንዱን መጋረጃ በሁለት ጣታቸው ጨብጠው ፈተሹና ፈገግ አሉ። መርካቶ ከሚሸጡት ጋር አንድ ነው፤ ከአንድ የቻይና ጥቅል የተቆረጠ ይመስላል። ዋጋውን ጠየቁ። ከእርሳቸው ያነሰ ሆኖ ስላገኙት ፈገግታቸው ጠፋ።

የወንድማቸው ልጅ ግን በዚያ ሰሞን መጋረጃ አይሸጥም ነበር። 400 የአንገት ፎጣ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አሠርቶ ከሱቅ ሱቅ እያዞረ ከግጥሚያው በፊት ሸጦ ጨረሰ። ጥር 13 ቀን ጎህ ሳይቀድ አያሌ ሱቆች ተዘግተው ባለቤቶቻቸው በአውቶቡስና በትንንሽ መኪና ተጭነው ወደ ኔልስፕሩይት፣ ዛሬ ምቦምቤላ ወደምትባለው ከተማ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዙ። ለነጋዴ ሱቅ መዝጋት ቀላል ነገር አይደለም፤ ያን ቀን ግን የቆጨው ሰው አልታየም።

ለ2010ሩ የዓለም ዋንጫ የተሠራው ስታዲዮም ጣሪያውን የሚሸከሙት 18 ምሰሶዎች በቀጭኔ አምሳል የቆሙ ናቸው፤ ወንበሮቹም እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ ሆነው ተደርድረዋል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ጨዋታው ሲጀመር ግን የወንበሮቹ ቀለም በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍኖ ነበር። ሳላዲን ሰይድ የመታው ፍፁም ቅጣት ምት በበረኛው ተያዘ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። በዚህ ጊዜ ከደጋፊዎች መካከል ቩቩዜላና ሌላም ዕቃ ወደ ሜዳ የወረወሩ ነበሩ፤ ይህ የሚያሳፍር ሥራ መሆኑ መካድ የለበትም። ዛምቢያ ከዕረፍት በፊት አገባች። በ65ኛው ደቂቃ ግን በዐሥር ሰው የሚጫወተው ቡድን በአዳነ ግርማ እግር አቻ ሆነ። ነጋዴው የማያውቁትን ሰው አቅፈው አለቀሱ። ሰውየውም የደንበኛ ዐይነት ዕዳ ያለበት ይመስል አጥብቆ ይዞ አልለቅ አላቸው። ጨዋታው 1 ለ 1 ተፈጸመ።

ወጣቱ በዚያው ምሽት ሌላ 300 ፎጣ በስልክ አዘዘ። አጎቱ «አንድ አቻ ውጤት ለሁለተኛ ትእዛዝ አይበቃም» ብለው ነበር፤ የሰማቸው የለም።

ከኔልስፕሩይት ወደ ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ የሚያስገባው የኑምቢ በር ቅርብ ነው። ክሩገር እ.ኤ.አ. በ1926 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ ወደ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ የእኛ አዋሽ 900 እንኳ አይሞላም። በጥር በሩ የሚከፈተው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ የሚዘጋውም ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። በአስፋልቱ ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት፣ ከመኪናም መውረድ ክልክል ነው። የውጭ አገር ሰው መግቢያ ከአገሬው አራት እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ይህም ለእኛ አገር ሰዎች የሚታሰብበት ነገር ነው። ወቅቱ የዝናብ ስለ ነበር ሣሩ አድጎ አውሬውን ይሸፍናል። በዚያው ሰሞን በስተ ሰሜን የሊምፖፖ ወንዝ ሞልቶ ከአንድ የአዞ እርባታ በሺህ የሚቆጠሩ አዞዎች አምልጠው ነበርና፣ ትንሿ ልጅ ስለዚህ ወሬ ከሰማች ወዲህ የመታጠቢያ ቤቱን በር ሳታንኳኳ አትገባም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት መኪናውን የሚነዳው ወጣቱ ነበር። ከአንድ መታጠፊያ ላይ የዝሆን መንጋ ከነግልገሎቹ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ወጣቱ ሞተሩን አጠፋ። ዐርባ ደቂቃ ያህል ወደፊትም ወደ ኋላም መሄድ አልተቻለም። ነጋዴው ለዘጠኝ ዓመት የያዙትን ነገር የተናገሩት በዚህ ጊዜ ነው።

«የአባትህ ቦታ እንደ ነበረ ነው። ብትመጣ ከበሩ ትቆማለህ፤ ባትመጣም ድርሻህ በወረቀት ተጽፎ እትዬ ዘንድ አለ» አሉት።

ወጣቱ ዐይኑን ከዝሆኖቹ ሳያነሣ ስለ ሱቁ ይነግራቸው ጀመር። በጥቁሮቹ ሰፈር፣ ኢትዮጵያውያኑ ሎኬሽን በሚሉት ቦታ፣ በብረት ፍርግርግ ተከልሎ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ዳቦውም የሚያልፈው በአንዲት ቀዳዳ ነው። ግማሹ ሽያጭ በዱቤ ነው። ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው። የደንበኞቹን ስም ስለማያውቅ «ቀይ በር»፣ «የመንታ እናት»፣ «አንካሳው ሾፌር» እያለ ጽፏል። ነጋዴው ገጹን እያገላበጡ ዝም አሉ። የሟቹ ወንድማቸው የዱቤ ደብተር እንዲሁ ነበር፤ «ባለ ነጭ ጫማው» የሚለው ዕዳ እስከ ዛሬ አልተከፈለም።

«በ2008 በእነርሱ አቆጣጠር፣ በግንቦት ሱቁ ሲዘረፍ፣ ሁለት ሌሊት አልጋ ሥር የደበቀችኝ ይህች ቀይ በር ናት። ሁሉም አንድ አይደለም፣ ጋሼ። ከ60 ሰው በላይ የሞተበት ጊዜ ነው፤ እርስዋ ግን ስሜን እንኳ ሳታውቅ አተረፈችኝ። ሱቁን እንደገና ስከፍት የመጀመሪያውን ስኳር የገዛችው እርስዋ ናት።»

«ታዲያ አትመጣም ማለት ነው?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት ትንሿ ልጅ «ሄዱ! ሄዱ!» ብላ ጮኸች። መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ሞተሩ ተነሣ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ጥር 17 ቀን ስለ ሆነው ብዙ መናገር አያስፈልግም። ቡርኪና ፋሶ በረኛዋ በቀይ ካርድ ወጥቶባት እንኳ 4 ለ 0 አሸነፈች። ሁለተኛው የፎጣ ትእዛዝ በዚያው ቀን ጠዋት ደርሶ፣ ከ300 ውስጥ 210 ሳይሸጥ በካርቶን ውስጥ ቀረ።

በማግሥቱ ቤተሰቡ ሐዘኑን ለመርሳት በሳቢ በኩል ወደ ብላይድ ወንዝ ገደል ወጣ። የእግዚአብሔር መስኮት ከሚባለው ተራራ ላይ ቆመው ያዩት ጉም ብቻ ነው፤ ወርቅ እ.ኤ.አ. በ1873 የተገኘባት ፒልግሪምስ ረስት ግን ከነቆርቆሮ ቤቶቿ እንደ ጥንቱ ቆማለች። ያደሩበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ለነጋዴው የነገራቸው ወሬ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ይጠቅማል። በ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ዋጋውን ሦስት እጥፍ አድርጎ፣ አልጋውንም ሁሉ ለአንድ ወኪል አስይዞ ጠበቀ። ወኪሉ በመጨረሻ ሰዓት አልጋዎቹን መለሰለት፤ የዘወትር ደንበኞቹም ዋጋውን ፈርተው ሌላ ዘንድ ሄዱ። በአገሪቱ በጠቅላላው 450,000 ያህል የውጭ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ ለውድድሩ የመጣው ወደ 310,000 ነበር። የ2027ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ እንዲደረግ ስለ ተወሰነ፣ በሞያሌ በኩል ዕቃ ወይም መንገደኛ ለመላክ ያሰበ ሁሉ የዚህን ሰው ነገር ማስታወሱ አይከፋም።

ጥር 20 ቀን ሰኞ ፕሪቶሪያ ደረሱ። ልጆቹ ከዩኒየን ሕንፃ ፊት ባለው አትክልት ቦታ ሲሮጡ፣ ወጣቱ አጎቱን ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ እንዲወስዱት ለመናቸው። በመንገድ ላይ የዝሆኖቹን ቀን መልስ ሰጠ። አይመጣም፤ ድርሻውንም አይሸጥም። የሚፈልገው እናቱ በእርሱ ቦታ ሆና የትርፉን ድርሻ እንድትቀበል ውክልና መላክ ነው። «የአባቴ ስም ከበሩ ላይ አይነሣ። እኔም አንድ ቀን ወረቀቴ ከተስተካከለ መግቢያ ይኑረኝ» አለ። ነጋዴው ጥቂት ተከራከሩት። ሱቅ ባለቤቱ ካልቆመበት እንደማያድግ ነገሩት፤ ይህም እውነት ነው። በመጨረሻ ግን ከሰልፉ ላይ አብረውት ቆሙ። የግምቱ ወረቀት ከእጅ ቦርሳው ሳይወጣ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

በማግሥቱ፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ጠዋት በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ በሚገኘው በፒላንስበርግ ፓርክ ሁለት አውራሪሶች አዩ፤ ማታ ከዚያ ብዙ በማይርቀው በሩስተንበርግ ስታዲዮም የመጨረሻውን ግጥሚያ ተመለከቱ። ናይጄሪያ እስከ 80ኛው ደቂቃ አንድም ጎል ሳታገባ ቆይታ፣ ከዚያ በኋላ በሁለት ፍፁም ቅጣት ምት አሸነፈች፤ ዋንጫውንም የወሰደችው እርስዋ ናት። ወጣቱ ቤተሰቡን በሌሊት ጆሐንስበርግ አድርሶ ሳይተኛ ተመለሰ። የጡረታና የድጋፍ ገንዘብ የሚከፈለው በወሩ መጀመሪያ በመሆኑ፣ እነ ቀይ በር ዕዳቸውን የሚከፍሉበት ቀን ደርሶ ነበርና።

210ሩን ፎጣ አጎቱ በመጣበት ዋጋ ተረከቡት። ቦሌ ላይ አስመዝግበው ቀረጡን ከፈሉ፤ ባለቤታቸውም የጥርን የሠርግ ገበያ ያሳለፈ ሰው በፎጣ ሊካስ ነው ብለው ሳቁ። ካርቶኑ ከመደርደሪያው ሥር አራት ወር ተኩል ተቀመጠ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ባሸነፈችበት ዕለት፣ የነጋዴው የመጀመሪያ ልጅ ካርቶኑን ወደ ስታዲዮም በር ወስዶ ጨዋታው ሳይጀመር ባዶውን ይዞት ተመለሰ። ሒሳቡም በዚያው ሳምንት ሆሳዕና ለእናቲቱ ደረሰ።