የምስጢራዊ ጽሕፈት ስያሜዎች ከፊደል ለቀማ በፊት

ለዩኒቨርሲቲ የምስጢራዊ ጽሕፈት ትምህርት የሚሆን ማስታወሻ በአማርኛ አሰናድቶ ለማሳተም የተነሣ መምህር ወይም ተርጓሚ ከሁሉ አስቀድሞ ስያሜዎቹን ሊወስን ይገባል እንላለን። ምክንያታችን ከቋንቋው ጠባይ የሚመነጭ ነው።

ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ይፋ ያደረገውን ቴክን በመሰለ የኅትመት መሣሪያ አንድን ስያሜ በአንድ ስፍራ ደንግጎ በየገጹ በትእዛዝ መጥራት ይቻላል፤ ድንጋጌው ሲለወጥ ስያሜው በየገጹ ይለወጣል። በአማርኛ ግን «ቁልፍ» እሙር ሲሆን «ቁልፉ»፣ ሲበዛ «ቁልፎች» ይባላል። የመጨረሻው ሆሄ ራሱ ስለሚለወጥ ቅጥያውን በትእዛዙ ጫፍ መለጠፍ አይበቃም። ስለዚህ ዘግይቶ የተለወጠ ስያሜ መላውን ጽሑፍ በእጅ ማረምን ያስከትላል።

ገና ያልተሰወረውን «ግልጽ ጽሑፍ»፣ የተሰወረውን «ስውር ጽሑፍ» ማለት አያከራክርም። ችግሩ የሚነሣው ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት ካቀረቡት ሐሳብ ላይ ነው። በዚህ ሥርዓት አንድ ሰው ሁለት ቁልፎች ይኖሩታል፤ አንዱን ለማንም ያሳውቃል፣ ሌላውን ለራሱ ይሰውራል። የፊተኛውን «የሕዝብ ቁልፍ» ብንለው ባለቤቱ ሕዝብ ይመስላል፤ «ግልጽ ቁልፍ» ብንለው ደግሞ ተማሪው ከግልጽ ጽሑፍ ጋር ያዛምደዋል። ስለሆነም «ይፋ ቁልፍ» እና «የግል ቁልፍ» የሚሉትን እንመርጣለን። «ምስጢራዊ ቁልፍ» የሚለው ላኪና ተቀባይ በጋራ ለሚይዙት ይቆይ።

«ፊደል» የሚለውም ቃል ጥንቃቄ ይሻል፤ ነጠላውን ምልክትም ገበታውንም ይጠራልና። እያንዳንዱን ምልክት በየረድፉ አንድ እርምጃ ብናራምድ «ሰላም» «ሱሌሞ» ይሆናል፤ ግዕዙ ካዕብ፣ ራብዑ ኀምስ፣ ሳድሱ ሳብዕ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ስልት የሚያገለግሉት ቁልፎች 6 ብቻ ናቸው። 33ቱን ረድፎች አቀጣጥለን በ231ዱ ምልክቶች ላይ ብናራምድ ግን 230 ይሆናሉ። ሁለቱም በትዕግሥት የሚሰበሩ ቢሆኑም ልዩነቱ ለተማሪው ዋና ትምህርት ነው፤ «ፊደል» ብቻ ብለን ካለፍን ግን ይሰወርበታል። ስለዚህ ነጠላውን «ሆሄ»፣ ጠቅላላውን «ገበታ» እንበል።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ስያሜ መጀመሪያ በተነሣበት ስፍራ በደማቅ ሆሄ ይታተም፤ ፍቺውም እዚያው ይሰጥ። እንግዲህ አሰናጁ የስያሜዎቹን ዝርዝር ጨርሶ ሳያጸድቅ ወደ ፊደል ለቀማ ባይገባ እንመክራለን።