የጠይም ቁጥሩ ስንት ነው?

አማርኛ ለሰው መልክ ስም አያጣም። ቀይ፣ ብስል ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለች እንላለን፤ ሰሚውም ወዲያው ይገባዋል። አሜሪካ መድኃኒት ቤት ገብታችሁ ከሜካፑ መደርደሪያ ፊት ስትቆሙ ግን እነዚህ ስሞች አይረዷችሁም። ሜይቤሊን የሚያወጣው ፊት ሚ የተባለው ፋውንዴሽን (የፊት መልክ ማስተካከያ ቅባት) ጠርሙስ ላይ ያለው 330 ቶፊ፣ 355 ኮኮነት፣ 360 ሞካ የሚል ነው። አገር ቤት ሜካፕ ሲባል የሚታሰበን ኮስሞቲክስ ቤት ነው። እዚህ ግን ሲቪኤስ ወይም ዋልግሪንስ ገብታችሁ ከራስ ምታት ክኒንና ከጥርስ ሳሙና አጠገብ ታገኙታላችሁ፤ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዶላር ነው። ለጀማሪ የሚከብደው ከዋጋው ይልቅ ቁጥሩ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ፋውንዴሽን የገዛሁት ለዘመድ ሠርግ ነበር። ማታ በመብራት መረጥኩ፤ ያውም ከራሴ መልክ ሁለት ደረጃ የቀላውን። ሜካፕ ማለት ቀላ ብሎ መታየት ነው ብዬ አምን ነበር፤ ያሳደጉኝ ሴቶችም የሚያምኑት ይህንኑ ነበር። ፎቶው ሲመጣ ፊቴ አመድ የተነፋበት መስሎ፣ አንገቴ ደግሞ እንደነበረው ጠይም ሆኖ አየሁት። ያ ፎቶ አሁንም ቤታችን አለ። ለጀማሪ የምነግረው ነገር ሁሉ የሚነሳው ከእሱ ነው፤ ርካሹም ሆነ ውዱ ሜካፕ የሚያምረው የራሳችሁን መልክ ሲያገኝ ነው።

አመዱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የፋውንዴሽን ቀለም በአብዛኛው ከአራት ዱቄቶች ይሠራል፤ ሦስቱ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር አይረን ኦክሳይድ ናቸው፤ የብረት ዝገት ዘመዶች ማለት ነው። አራተኛው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ነው። ለነጭ ቆዳ የሚዘጋጀው ነጩ ይበዛበታል። ያ ነጭ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ግራጫ ይሆናል። ጠቆር ላለ መልክ በደንብ የተሠራ ፋውንዴሽን ነጩን ይቀንስና ቀዩንና ቢጫውን ያበዛል። ቆዳችን በባሕርዩ ወርቃማ ወይም ቀላ ያለ ሙቀት አለው፤ ይህ ሙቀት ከጠፋ ፊት የታመመ ይመስላል።

ይህንን ከማንም በላይ የምታውቀው የአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ልጅ ናት። በሞቃዲሾ የተወለደችው ሞዴል ኢማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ሥራ ስትጀምር፣ ሜካፕ ሠሪው የራሷን ፋውንዴሽን ይዛ እንደመጣች ጠየቃት። አልያዘችም ነበርና ያለውን ቀባት፤ ፊቷ ግራጫ ሆነ። ከዚያ በኋላ ቀለም እየደባለቀች የራሷን ማዘጋጀት ያዘች፤ በ1994ም በስሟ የሚጠራውን የጠይምና የጥቁር ሴቶች ሜካፕ ኩባንያ አቋቋመች። በ2017 ደግሞ ዘፋኟ ሪሃና ፌንቲ ቢውቲን በ40 ዓይነት ፋውንዴሽን ስትከፍት፣ ጠቆር ያሉት ቁጥሮች ቀድመው እያለቁ ገበያው የት እንዳለ ለሁሉም ታየ። ፌንቲ ያኔ የመድኃኒት ቤት ዕቃ አልነበረም። ግን ከእሱ በኋላ የርካሾቹም መደርደሪያ ወደ ጠቆረው ወገን ረዘመ። ዛሬ አንዲት ጠይም ልጅ በ10 ዶላር ገደማ የራሷን መልክ ማግኘት መቻሏ እንዲሁ የመጣ አይደለም።

«ርካሽ ነውና ፊት ያበላሻል» የሚለውን ወሬ ደግሞ ተዉት። የሜይቤሊን ባለቤት ከ1996 ጀምሮ ሎሬያል ነው፤ ውዱ ላንኮምም የዚሁ ኩባንያ ነው። ልዩነት የለም አልልም፤ የውዱ ጠርሙስ ያምራል፣ ሽታው ይለያል፣ አንዳንዱም ቆዳ ላይ ሲያርፍ ይበልጥ ይለሰልሳል። በፋውንዴሽን ላይ ጥቂት መጨመር ሊያዋጣ ይችላል። በማስካራ ላይ ግን ገንዘብ ማፍሰስ አይታየኝም። ሜይቤሊን ራሱ የተነሳው በሽፋሽፍት ቀለም ነው፤ ቶማስ ላይል ዊሊያምስ የተባለ ወጣት በ1915 ቺካጎ ውስጥ ጀመረው፤ ስሙንም ከእህቱ ከሜብል ወሰደ። በ1930ዎቹ በ10 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በ1971 የወጣው ሮዝና አረንጓዴ ግሬት ላሽ እስከ ዛሬ ከመደርደሪያው አልወረደም።

አሁን ወደ ምርጫው። ፋውንዴሽን በእጅ ጀርባ ላይ አይሞከርም፤ የእጃችሁና የፊታችሁ መልክ አንድ አይደለም። የሚሞከረው በመንጋጋ አጥንት ላይ፣ ፊትና አንገት በሚገናኙበት ነው። ይሆናል ያላችሁትን፣ አንድ ደረጃ የቀላውንና አንድ ደረጃ የጠቆረውን በቀጭኑ ጎን ለጎን አስምሩና ወደ መስኮት ጠጋ ብላችሁ ወይም ወደ ውጭ ወጥታችሁ በፀሐይ ብርሃን እዩ። መስመሩ የጠፋባችሁ እሱ ቁጥራችሁ ነው። ግን አትቸኩሉ፤ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁት። አንዳንዱ ከቆዳ ወዝ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል ወይም ወደ ብርቱካን ያደላል። ብዙ መድኃኒት ቤት መሞከሪያ ጠርሙስ ስለማያስቀምጥ ገዝታችሁ ቤት መሞከር ይኖርባችኋል፤ ስለዚህ የተከፈተ ሜካፕ በደረሰኝ ይመልሱ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ የሚመልሱ አሉ። የታሸገውን እዚያው ከፍቶ መሞከር ግን ነውር ነው፤ ለሚቀጥለው ገዢም አደጋ ነው።

ፊታችሁ ቶሎ የሚወዛ ከሆነ «ማት» የሚለውን፣ የሚደርቅ ከሆነ «ዲዊ» ወይም «ሃይድሬቲንግ» የሚለውን ውሰዱ። ከፋውንዴሽኑ ሌላ ለጀማሪ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ኮንሲለር (የጠቆረ ቦታ መሸፈኛ)፣ ጥቁር ቡናማ የቅንድብ እርሳስ፣ ማስካራና አንድ ሊፒስቲክ። ብዙ ቀለም የተደረደረበትን ሰፊ የዓይን መዋቢያ ሳጥን ለጊዜው እለፉት። ከሳጥኑ የምትነኩት ሁለት ቀለም ብቻ ይሆንና ሌላው ይደርቃል።

ከመቀባት በፊት ፊት ይታጠባል፣ ማለስለሻ ይቀባል፣ ከዚያም የፀሐይ መከላከያ፣ ቢያንስ ኤስፒኤፍ 30። ማድያት ያለባችሁ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ማድያትን የሚያባብሰው ከዓይን የተሰወረው የፀሐይ ጨረር ብቻ ሳይሆን የምናየው ብርሃንም ነው። እሱን በደንብ የሚከላከለው አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም ያለው መከላከያ ነው። ስለዚህ ለእናንተ ቀለሙ ጌጥ ብቻ ሳይሆን መከላከያም ይሆናል።

ፋውንዴሽኑን በጥቂቱ ከአፍንጫ ዙሪያ ጀምራችሁ ወደ ውጭ ግፉት። በውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ስፖንጅ ጥሩ ነው፤ የታጠበ ጣትም ይበቃል። አትጥረጉ፣ መታ መታ አድርጉ። ቆዳችሁ በሚያምርበት ቦታ ምንም አታድርጉ፤ ፊትን ሁሉ እንደ ግድግዳ መለሰን ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው። ከዓይን ሥር ለጠቆረው ደግሞ ቀላ ያለ ኮንሲለር ብቻውን አይበቃም፤ ግራጫ ይሆናል። መጀመሪያ ወደ ብርቱካን የሚያደላ እጅግ ስስ ቀለም፣ በላዩ መልካችሁን የመሰለው ኮንሲለር። ሰማያዊ ጥላን የሚያጠፋው ብርቱካን ነው። ፓውደር ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ብቻ። ቅንድብ በአጫጭር ጭረት፣ ፀጉሩ ወደሚበቅልበት አቅጣጫ ይሞላል። ሊፒስቲኩን ከንፈር ላይ ካደረጋችሁ በኋላ በጣት ነካ አድርጋችሁ ጉንጭ ላይ ብታሹት ብላሽ የሚባለውን የጉንጭ ቀለም መግዛት አያስፈልግም።

ዓይን ላይ ስንደርስ እኛ ጀማሪ አይደለንም። አያቶቻችን ኩል ሲኳሉ ኖረዋል። ነገር ግን ለእናቶች በግልጽ መናገር ያለብኝ አለ። ከየገበያው የሚመጣ የኩል ዱቄት አንዳንዱ እርሳስ (ሊድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ይገኝበታል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ኩልን ለመዋቢያ ቀለምነት አይፈቅድም። ለሕፃን ዓይን ፈጽሞ አታድርጉት። ለራሳችሁ ጥቁር የዓይን እርሳስ ከ5 ዶላር በታች ይገኛል። የሌላ ሰው መኳያና ማስካራም አይወሰድ፤ የዓይን በሽታ በቀላሉ ይተላለፋል። ማስካራ ከተከፈተ ከ3 ወር ገደማ በኋላ ይጣል፣ ቢተርፍም። ለሌላው ዕቃ ጀርባውን ተመልከቱ፤ ክዳኑ የተከፈተ የትንሽ ብልቃጥ ሥዕል ላይ 6 ወይም 12 ቁጥር ከእንግሊዝኛው ኤም ፊደል ጋር ካለ፣ ከተከፈተ በኋላ ያን ያህል ወር ያገለግላል ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሳልጽፈው ብቀር ቅር ይለኛል። ከሜካፑ ጎን፣ በተለይም በየትንንሹ ሱቅ፣ ፊት የሚያቀላ ክሬም ይቀርብላችኋል። ከእነዚህ ውስጥ ሜርኩሪ ወይም ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ መሸጥ የሌለበት ጠንካራ ስቴሮይድ የተገኘባቸው አሉ። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፣ ሲቆምም ፊት ይቆጣል። የሚሠራበት ነገር በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ክሬም ፊታችሁን አይንካ። ሃይድሮኪኖን ያለበትም ቢሆን ከ2020 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም፤ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ካያችሁት ትታችሁ ውጡ።

ማታ ሳትታጠቡ አትተኙ። ማስካራው ካስቸገረ በጥጥ ትንሽ ቫዝሊን አድርጋችሁ ጥቂት ሰከንድ ያዙትና ወደ ታች ጥረጉት፤ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ።

ለመግዛት ስትወጡም በቀን ውጡ፤ ፊታችሁን ታጥባችሁ፣ ምንም ሳትቀቡ። የምትመርጡት ቀለም ይበልጥ ቀይ የሚያደርጋችሁ ሳይሆን አንገታችሁን የሚመስለው ይሁን። ደረሰኙንም አትጣሉት።